ዐፅምና መዝገብ፤ ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ

ከካዛንቺስ ተነሥቶ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ቍልቍል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ መንገደኛ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ደጃፍ ቆም ብሎ ከተሳለመ በኋላ የአደባባዩን ዳር ይዞ ጥቂት ቢራመድ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከተባለው ሕንፃ ይደርሳል። ቀዳሜ ሰማዕት የሚባለው እስጢፋኖስ በሸንጎ ፊት የሐሰት ምስክር ቆሞበት፣ ከከተማ ውጭ ተጎትቶ በድንጋይ ተወግሮ የሞተ ዲያቆን ነውና፣ ያለ ርቱዕ ፍርድ የተገደሉ የዘመናችን ሰዎች ዐፅም ከደብሩ አጠገብ ማረፉ፣ የታሰበበትም ይሁን ያልታሰበበት፣ የሚያስተውለውን ሰው ልብ ሳይነካ አይቀርም።

በውስጡ፣ ጠጕራቸውን አጎፍረው ፎቶግራፍ የተነሡ ወጣቶች በግድግዳው ላይ በረድፍ በረድፍ ሆነው ወደ ጐብኚው ይመለከታሉ። ከእነርሱ አለፍ ሲል፣ በመስተዋት ውስጥ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ የራስ ቅል፣ የእጅና የእግር ዐፅም፣ አፈር የበላው ልብስ ተቀምጧል። እየተጫወቱ የሚገቡ ተማሪዎች ከዚህ ክፍል ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል፤ ሽማግሌዎቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዐፅሙን ሳይሆን ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ይመረምራሉ፤ የሚፈልጉት ሰው እንዳላቸው ከአስተያየታቸው ያስታውቃል። ሙዚየሙን መርቀው የከፈቱት እናት አራት ልጆቻቸውን በአንድ ቀን የተነጠቁ ነበሩ።

ያ ዘመን ለአዲስ አበባ እናቶች በስንቅ የሚታወቅ ዘመን ነው። ልጇ ቀበሌ ወይም ከፍተኛ የታሰረባት እናት በአገልግል ምግብ ይዛ በየማለዳው ትሄዳለች፤ ስንቁን ከተቀበሏት ልጇ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ከዛሬ ወዲያ ስንቅ አታምጪ ከተባለች ግን ሌላ መርዶ አያስፈልጋትም። ሬሳውን ለማንሣት የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ማቅ መልበስና ደረት መምታትም የተከለከለባቸው ነበሩ። ሙታንን ማልቀስ በሚያስወነጅልበት አገር ስለ ሙታን ፍርድ መጠየቅ እንደ ምን ይታሰብ ነበር? ሆኖም ፍርዱ ዘግይቶም ቢሆን ተጠየቀ፤ እንዴት ሊጠየቅ እንደ ቻለ መመርመር ደግሞ ዛሬ ለእኛ እጅግ ይጠቅመናል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ በተባለው በዚሁ ሥፍራ በሕዝብ ፊት ቆመው፣ ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እየወረወሩ ሰበሩ። ቀጥሎ በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ «ነፃ እርምጃ» የተባለው ግድያ ያለ ክስና ያለ ችሎት ተፈጸመ። ገዳዮቹ ግን አንድ ነገር አድርገው ነበር፤ ይጽፉ ነበር። እርምጃ ይወሰድበት የሚል ትእዛዝ በማኅተም ይወጣል፤ እርምጃ ተወስዷል የሚል መልስ በቍጥር ይመለሳል፤ የሟቾቹ ስም ዝርዝር ከነፊርማው በፋይል ይታሰራል። መንግሥታቸው ለዘለዓለም የሚኖር የመሰላቸው ሰዎች ይህን ሁሉ ወረቀት በየቢሮው ትተውት ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደረሰ፤ ሊቀ መንበሩ ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ወረቀቱ ግን ቀረ።

በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ሥራውን ጀመረ። በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ የሰነድ ገጾችን ሰበሰበ፤ በአምባገነኖች ዘመን የጠፉ ሰዎችን ዐፅም በመለየት ልምድ ያካበቱ የአርጀንቲና ጠበብትም መጥተው ከመቃብር የወጣውን አብረው መረመሩ። ክሱ የቆመበት ሕግ ደግሞ ደርግ ራሱ ያልሻረው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። የዚህ ሕግ አንቀጽ 281 ከዓለም አቀፉ ስምምነት አልፎ፣ በዘርና በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን በፖለቲካ አቋማቸው ተለይተው የሚጠፉ ሰዎችንም ከዘር ማጥፋት ወንጀል ይጠብቃል። ከዳኞቹ አንዱ በዚህ ነጥብ የተለየ ሐሳብ ማስመዝገባቸው፣ ችሎቱ እውነተኛ ክርክር የተደረገበት መሆኑን ያሳያልና ሊነገርላቸው ይገባል።

ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተሰየመ፤ ጥፋተኛነቱም ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተነበበ። አንድ ቀን ሲቀረው ዐሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ልጇን ያጣች እናት አርጅታ ሞተች፤ ተከሳሽም በወህኒ ሞተ። ጥር 3 ቀን ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ለወጠው፤ በ2003 ዓ.ም. የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተመለሰ፤ ከሃያ ዓመት እስራት በኋላም በ2004 ዓ.ም. መባቻ ከቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት ብዙዎቹ ከወህኒ ወጡ። በመላ አገሪቱ በልዩ ዐቃቤ ሕጉ የተከሰሱት ከ5,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት የተከሰሱት በሌሉበት ነበር።

እኔ ይህን ፍርድ ከሚያቃልሉት ጋር አልተባበርም። በአፍሪካ ምድር፣ በራስዋ ዳኞችና በራስዋ ሕግ፣ የራስዋን የቀድሞ መንግሥት ከላይ እስከ ታች ለፍርድ ያቀረበች አገር ኢትዮጵያ መሆንዋ ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን የችሎቱ ዓይን የተከፈተው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። አዋጁ የሚመለከተው የደርግን ባለሥልጣናትና ተባባሪዎቻቸውን ነው፤ በዚያው ዘመን በጫካም በከተማም መሣሪያ አንሥተው ሰው የገደሉ ሌሎች ድርጅቶች ምን እንዳደረጉ የሚጠይቅ አንድም ችሎት አልተሰየመም። ወንጀለኛው ከወንበሩ ከወደቀ በኋላ ብቻ የሚመጣ ፍርድ ለሚቀጥለው ባለሥልጣን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም አለመግደልን ሳይሆን አለመውደቅን ነው።

ሌላም ጕድለት አለ። ከእነዚያ ሁሉ ክሶች መካከል በጦርነት ስለ ተገደለ ሲቪል ሕዝብ የቀረበው እጅግ ጥቂት ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ገበያ በቆመበት ሰዓት፣ የጦር አውሮፕላኖች በትግራይ በሐውዜን ገበያተኛ ላይ ቦምብ አዘነቡ፤ የሞቱት ከ2,000 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። በዚህና በሌሎች የትግራይ ግፎች ምክንያት በደርግ ባለሥልጣኑ በለገሠ አስፋውና በተባባሪዎቹ ላይ የጦር ወንጀል ክስ ተመሥርቶ ነበር፤ ክሱ ግን በቀይ ሽብር መዝገቦች ብዛት ተሸፍኖ በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ ቀርቷል። በጦርነት የሞተ ሲቪል ለፖለቲካ ከሞተው ይልቅ ፈጥኖ ይረሳል፤ ፎቶግራፉን ይዞ የሚሰለፍለት ድርጅት የለውምና።

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ይህ ሠፈር ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። ቤቶቹ ለቅኝ ገዢዎች በሚታሰቡበት በዚያው ጊዜ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀን፣ የፋሽስት ጭፍሮች በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየገቡ ሕዝብ ፈጁ፤ ጎጆውን ሰው ሳይወጣበት በላዩ አቃጠሉት። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ ባቀረበው ዝርዝር በዚያ እልቂት 30,000 ሰው፣ በወረራውና በዘመኑ በጠቅላላው ደግሞ 760,300 ሰው እንደ ሞተ አስታወቀ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለ ተረሸኑት መነኮሳትና ዲያቆናት የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ራሱ ለአለቆቹ በቴሌግራም ያሳወቀው ቍጥር 449 ነው፤ በኋላ የተደረገ ምርመራ እውነተኛው ቍጥር ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ወረቀት አልጐደለም። የፍርድ ሚኒስቴር ቴሌግራሙን፣ ፎቶግራፉን፣ የምስክሩን ቃል ሰብስቦ በሁለት ጥራዝ አሳተመው። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን በጦር ወንጀል የሚፈለጉ ሰዎችን እንድታስረክብ ያስገድድ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የወረራው አዛዦች ባዶሊዮና ግራዚያኒ የሚገኙበትን የዐሥር ሰዎች ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቀረበች፤ ኮሚሽኑም መዝገቡን መርምሮ በአብዛኞቹ ላይ የሚያስከስስ ማስረጃ እንዳለ ተቀበለ። ከዚህ በኋላ የጐደለው ችሎት ነው። ሁለቱን ዋና ተፈላጊዎች ብቻ እንኳ ለፍርድ ለማቅረብ በቀረበው ልመና ላይ ብሪታንያ ፊቷን መለሰች። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ግን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው እንጂ ስለ አዲስ አበባና ስለ ደብረ ሊባኖስ አይደለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ፤ በ1947 ዓ.ም. በአልጋው ላይ ሞተ። ስለዚያ ደም በየትኛውም ችሎት የተጠየቀ አንድ ሰው የለም።

በአፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው በአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስኮት ፊት፣ የአህጉሩ መሪዎች በ1955 ዓ.ም. ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ያ ማኅበር ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ መንግሥት በጎረቤቱ ጉዳይ እንዳይገባ ይጠነቀቅ ነበር። ወራሹ የአፍሪካ ኅብረት ግን በመቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4፣ በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብእና ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ጣልቃ የመግባት መብትን ጻፈ። ቃሉ በተግባር ሲገለጥ ያየነው በዳካር ነው፤ የቻዱ የቀድሞ መሪ ሂሴን ሀብሬ በአፍሪካ ስም በተሰየመ ልዩ ችሎት ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ያም ቢሆን ከወህኒ የወጡ እስረኞች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጓዶቻቸውን ቃል እየጻፉ በድብቅ ስላኖሩት፣ የፖሊሱም መዝገብ በእንጃሜና በወለል ላይ ተበትኖ ስለ ተገኘ የሆነ ነው።

ኢትዮጵያውያን በስደት ያገኙት ፍርድም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት፣ በከፍተኛ 9 ያሠቃያትን ሰው ቀልበሳ ነገዎን በዚያው ሆቴል ተቀጥሮ አየችው። ልብ ይበሉ፤ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ ስሟን ከማያውቅ ሕዝብ መካከል ገብታ፣ ከአሳንሰሩ የሚወጣው እርሱ ሆነ። እርስዋና እንደ እርስዋ መከራ የተቀበሉ ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም በ1985 ዓ.ም. 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደላቸው፤ ሰውየውም በ1999 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ቀድሞ በሌለበት የተፈረደበትን ዕድሜ ልክ ተረከበ። ጎጃምም የራስዋን ፍርድ ያገኘችው በሄግ ነው። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ 75 ወጣት እስረኞች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ፤ የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በኔዘርላንድ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ይግባኙም በ2014 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። አርባ ዓመት ያለፈውን ነገር ዳኞቹ ያመኑት ምስክሮች ባሕር ተሻግረው ስለ መጡና ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ስንደርስ ብዕሩ ይከብዳል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተጀመረው ጦርነት በማይካድራ ከ200 በላይ፣ በአክሱምም በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ከ100 በላይ ሲቪሎች እንደ ተገደሉ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት 269 ሰዎችን አነጋግረው ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ዘገባ አስታውቀዋል፤ ተፋላሚዎቹ ሁሉ የጦር ወንጀል ሊባል የሚችል ድርጊት እንደ ፈጸሙ ለማመን በቂ ምክንያት አለ ሲሉም ደምድመዋል። ጦርነቱ ወደ አማራና ወደ አፋር ሲስፋፋ በጭናና በቆቦ ገበሬው በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። የትግራዩ ጦርነት ካበቃ በኋላም ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች እንደ ተገደሉ ኮሚሽኑ አስታውቋል። እነዚህን የቦታ ስሞች ጐን ለጐን ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ አንባቢ የራሱን ወገን ሙታን ብቻ መርጦ እንዳያለቅስ።

ካዛንቺስ ያለበት ክፍለ ከተማ በስሙ የሚጠራበት ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር መኰንኑ ፊት ቀርቦ መከራ የተቀበለ ነው። የጦርነት ሕግ የሚባለው ሁሉ ከዚህ ሕፃን ይጀምራል። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የሚያዝዙት፣ መሣሪያ ያልያዘ፣ ወይም ይዞ የጣለ፣ ወይም ቆስሎ የወደቀ ሰው እንዳይነካ ነው፤ የማን ዘር ነው፣ ልጁ የት ሸፈተ፣ ትናንት ማንን አበላ ተብሎ አይጠየቅም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 ይህንኑ የሚጥሰውን በሞት ጭምር ይቀጣል። በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ግን በዚያ ሕግ ውስጥ ራሱን ችሎ አልተደነገገም፤ ይህ ጕድለት ካልተሞላ የሚመጣው ችሎት ገና ከደጃፉ ይሰናከላል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል ስላልሆነች ወደ ሄግ የሚወስደው ቀጥተኛ መንገድም ዝግ ነው።

የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲያወጣ ተስማማ። ጦርነቱን እንዲመረምር በጄኔቫ የተሰየመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ወደ ግጭቱ ሥፍራዎች ሳይገባ ቀርቶ፣ የሥራ ዘመኑን ለማራዘም ረቂቅ ያቀረበ አንድም አገር ሳይገኝ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተበተነ። ፖሊሲውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ጠርሙሶቹ በአብዮት አደባባይ በተሰበሩ ልክ በ47 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። በፖሊሲው ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ፍርድ ቤት፣ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን፣ ካሳና የባህል ሽምግልና ታስበዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ተከሳሽ ሊሆን የሚችለው ገና በሥልጣን ላይ ሳለ ዳኛውን የሚሾመው ማን ነው? ከድንበር ማዶ ስለ መጣውስ ወታደር ማን ይጠየቃል? ለዚህ መልስ ሳይሰጥ ይቅርታ የሚለውን ቃል አስቀድሞ ማብዛት፣ ይቅር የማለት ሥልጣኑ የእናቲቱ መሆኑን መርሳት ነው።

የዛሬው ጉዳይ ካለፉት ሁለቱ የሚከፋበት ምክንያት ይህ ነው። ከወረራው በኋላ ወረቀት ነበረ፣ ችሎት ጠፋ፤ ከደርግ በኋላ ወረቀቱም ችሎቱም ተገኘ፤ ዛሬ ግን ችሎቱ ገና ነው፣ ገዳዩም እንደ ደርግ በማኅተም አይጽፍም። በሬዲዮ ያዝዛል፣ በስልክ ያዝዛል፣ ከሰማይ በሰው አልባ አውሮፕላን ይመታል፤ ከዚያ በኋላ የኢንተርኔትና የስልክ መስመሩ ይዘጋል። የቀረው መዝገብ የሰው ልብ ብቻ ነው። የሰው ልብ ደግሞ ያረጃል፣ ይፈራል፣ ይሰደዳል። የካዛንቺስ ነዋሪ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሠፈሩ ፈርሶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲበተን፣ በዚያ ቀበሌ ማን ታስሮ እንደ ነበር፣ ማንስ በየትኛው ሌሊት እንደ ተወሰደ ግድግዳ ተጋርቶ የሚያውቀው ጎረቤትም አብሮ ተበተነ። በወልቃይት፣ በራያ፣ በጎጃምና በወለጋ መንደሮች የሆነው ከዚህ ይብሳል።

አባቶቻችን ዳኛ በሌለበት ምድረ በዳ እንኳ «በሕግ አምላክ» ብለው ሰውን ያስቆሙ ነበር፤ የተባለውም ይቆም ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በመንደርህ በጦርነት የተገደለ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሳትተኛ ሙሉ ስሙንና ዕድሜውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የወደቀበትን ቦታ፣ የገዳዮቹን ልብስና ቋንቋ፣ ያየውን ሰው ማንነትና የተቀበረበትን ሥፍራ ጻፍ፤ የሰማኸውን ካየኸው ለይተህ ጻፍ፤ ፎቶግራፉን ሳትቆራርጥ አስቀምጥ፤ አንዱን ቅጂ ከአገር ውጭ ላለ ዘመድህ ላክ፤ የምስክሩን ስም ግን ለማንም በአደባባይ አታውጣ። የራስህ ወገን የገደለው ሰው ካለም እንዲሁ አድርግ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት በሰብእና ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፤ ሕግ አውጪውም ሆነ ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ሊያልፈው አይችልም።